የድባቴ መድኃኒት ለምን በድንገት አይቆምም? በጥንቃቄስ እንዴት ይቆማል?



ከጥቂት ዓመታት በፊት አስተማሪ ሳለሁ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለሁለት ዓመት ያህል ሲወስደው የቆየውን የድባቴ መድኃኒት በሸዕባን የመጨረሻ ሌሊት አቆመ። ለማንም አልተናገረም። «ደህና ሆኛለሁ፤ ጾሙና ቁርኣኑ ይበቃኛል» ብሎ ነበር። በረመዷን ሦስተኛው ቀን ዓይኑን ወደ ጎን ባዞረ ቁጥር ጭንቅላቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካው የሚነዝር ነገር ይሰማው ጀመር። ያዞረዋል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ የለውም፣ ያለ ምክንያት ያለቅሳል። ቤተሰቡ ጂን ነው ብሎ ሩቅያ ወደሚያደርጉ አንድ ሸይኽ ወሰደው። ሸይኹ ቁርኣን ከቀሩለት በኋላ «ልጄ፣ ትወስደው የነበረ መድኃኒት አለ?» ብለው ጠየቁት። አቁሜዋለሁ አላቸው። «እንግዲያው ነገ በጠዋት ሐኪምህ ዘንድ ሂድ» አሉት። ሐኪሙ መድኃኒቱን መልሶ አስጀመረው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ንዝረቱም ማዞሩም ተወው።

እንደዚያ ሸይኽ የሚጠይቅ ሰው ያላጋጠማቸው ብዙ ናቸው። መድኃኒቱን በድንገት አቁመው የሚደርስባቸውን ስቃይ አንዱ ጂን ነው ይላቸዋል፣ ሌላው የኢማን ድክመት ነው ይላቸዋል፣ እነሱ ራሳቸው ደግሞ «በሽታዬ ተመለሰ፤ ከእንግዲህ ያለ መድኃኒት መኖር አልችልም» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ከሦስቱም አይደለም። ሰውነት የለመደውን መድኃኒት በድንገት ማጣቱ ነው። እኔ የተማርኩት ኢስላማዊ ጥናት እንጂ ሕክምና ስላልሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ምን እንደምትጠይቁ እንድታውቁ የተዘጋጀ ነው። ሐኪሙን አይተካም።

የትኞቹ መድኃኒቶች ናቸው?

በአገራችን በብዛት የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉኦክሰቲን እና ሰርትራሊን ናቸው። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሲታሎፕራም፣ ኤሲታሎፕራም፣ ፓሮክሰቲን ወይም ቬንላፋክሲን ሊወስዱ ይችላሉ። አሚትሪፕቲሊን ለማይግሬንና ለነርቭ ሕመምም ይታዘዛል። ስለዚህ «እኔ የድባቴ መድኃኒት አልወስድም» የሚል ሰውም የክኒኑን ስም ቢያነብ መልካም ነው።

ዲያዜፓም፣ ብሮማዜፓምና ክሎናዜፓም የዚህ ቡድን አባል አይደሉም። የማረጋጊያና የእንቅልፍ መድኃኒቶች ናቸው። እነሱን ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ማቆም እስከሚጥል በሽታ የሚደርስ አደጋ አለው። የሁለቱንም ዓይነት የሚወስድ ሰው የትኛው መጀመሪያ እንደሚቀነስ ሐኪሙ ይወስንለት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መቀነስ አይመከርም።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

አብዛኞቹ እነዚህ መድኃኒቶች በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ቶሎ ተመልሶ እንዳይሰበሰብ ያደርጋሉ። መድኃኒቱ ለወራት ወይም ለዓመታት ሲወሰድ አንጎል ራሱን ከዚያ ጋር ያስማማል። መድኃኒቱ አንድ ቀን ሲቆም፣ አንጎል የተስማማበት ነገር ጠፍቶበት እንደገና ለመስተካከል ጊዜ ይፈልጋል። የማቋረጥ ምልክቶች የሚባሉት በዚህ መሐል የሚመጡት ናቸው።

«ታዲያ ይህ ሱስ አይደለም ወይ? ሱስ የሚያስይዝስ ሐላል ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። እነዚህ መድኃኒቶች አያሰክሩም፣ አእምሮን አይነጥቁም፣ ሰው መጠኑን እየጨመረ እንዲያሳድዳቸውም አያደርጉም። ሰውነት ግን ይለምዳቸዋል። አንድን ነገር መልመድና የሱስ ምርኮኛ መሆን ይለያያሉ። የደም ግፊት መድኃኒቶችም ውስጥ በድንገት ሲቆሙ ጉዳት የሚያደርሱ አሉ፤ ማንም ግን ሱስ ብሎ አይጠራቸውም።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ በቆመ ወይም በተቀነሰ ከ2 እስከ 4 ባሉት ቀናት ውስጥ ይጀምራሉ። በብዛት የሚታዩት እነዚህ ናቸው፦

• ማዞር፣ ሚዛን ማጣት፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜት
• ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ላብ
• ጉንፋን የያዘው ሰው የሚሰማው ዓይነት ድካም፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት
• እንቅልፍ ማጣት፣ በጣም ግልጽና አስፈሪ ሕልም
• ጭንቀት፣ ቶሎ መቆጣት፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ አርፎ መቀመጥ አለመቻል

በተለይ ንዝረቱና አስፈሪው ሕልም ሰውን ያስደነግጣሉ፤ ጂን ነው የሚያስብሉትም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ነገር ግን በተለያየ አገር፣ በተለያየ ሃይማኖት ውስጥ ያሉ ሕሙማን መድኃኒቱን ሲያቆሙ የሚናገሩት ይህንኑ ነው።

ከሰውነት ቶሎ የሚወጡት ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን ምልክታቸው ቶሎ ይመጣል፣ ይበረታልም። ፍሉኦክሰቲን ግን ከሰውነት ወጥቶ ለማለቅ ሳምንታት ስለሚፈጅበት ምልክቱ ቀለል ይላል፤ ቢመጣም ዘግይቶ ነው። ፍሉኦክሰቲን አቁሞ በሦስተኛው ሳምንት ያመመው ሰው ነገሩን ከመድኃኒቱ ጋር ላያገናኘው ይችላል። አሚትሪፕቲሊን ሲቆም ደግሞ የሆድ መታወክ፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት ጎልተው ይታያሉ።

ሁሉም ሰው ግን አይቸገርም። ላንሴት ሳይካትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣና 79 ጥናቶችን የገመገመ ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ መድኃኒቱን ካቆሙ 100 ሰዎች 31ዱ ምልክት ታይቶባቸዋል። መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ሲወስዱ ቆይተው ካቆሙትም ውስጥ ከ100 ሰው 17ቱ ተመሳሳይ ምልክት ተናግረዋል። በዚህ ስሌት መድኃኒቱ ራሱ ያመጣው ችግር የሚያገኘው ከ6 ወይም ከ7 ሰው አንዱን ነው። ከባድ ምልክት የታየባቸው ደግሞ ከ35 ሰው አንድ ያህል ናቸው። ከተገመገሙት ጥናቶች ብዙዎቹ መድኃኒቱን ለአጭር ጊዜ በወሰዱ ሰዎች ላይ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ለዓመታት የወሰደ ሰው ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ሕመሙ ተመልሶ ነው ወይስ የማቋረጥ ምልክት ነው?

ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። ሦስት ነገሮችን ተመልከቱ።

አንደኛ፣ ጊዜውን። ምልክቱ መድኃኒቱ በተቀነሰ በቀናት ውስጥ ከመጣ ምናልባት የማቋረጥ ምልክት ነው። ድባቴ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ፣ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ዓይነቱን። ንዝረት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያው ሕመም ላይ ካልነበሩ፣ አሁን የመጡት ከማቋረጡ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። በተቃራኒው ማዘን፣ ነገር ሁሉ ማስጠላትና ከሰው መራቅ እንደ ድሮው ሆነው እየጨመሩ ከመጡ ሕመሙ እያገረሸ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ ሲመለስ የሚሆነውን። ሐኪሙ የቀድሞውን መጠን ሲመልስ የማቋረጥ ምልክት በቀናት ውስጥ ይለቃል። ድባቴ ግን ለመሻል ሳምንታት ይፈልጋል። ባልደረባዬ በጥቂት ቀናት መሻሉ ለሐኪሙ አንድ ማስረጃ ነበር።

ስለዚህ መቀነስ ከመጀመራችሁ በፊት በትንሽ ደብተር ላይ የአሁኑን ሁኔታችሁን ጻፉ፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ስሜት፣ ጭንቀት። ከዚያ በኋላ መጠኑ የተቀየረበትን ቀንና የተሰማችሁን በየቀኑ በአንድ መስመር መዝግቡ። ሐኪሙ በቀጠሮ ቀን ከቃላችሁ ይልቅ ከዚያ ደብተር ብዙ ያገኛል።

ማቆም መቼ ነው? መቼስ አይደለም?

ለመጀመሪያ ጊዜ ድባቴ የያዘው ሰው ከተሻለው በኋላ ቢያንስ 6 ወር መድኃኒቱን እንዲቀጥል ይመከራል። ሕመሙ ከአንድ ጊዜ በላይ የተመላለሰበት ሰው ደግሞ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲቀጥል ሊነገረው ይችላል። «ተሻለኝ» ማለት ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ለረጅም ጊዜ መድኃኒት የወሰዱና ለማቆም ያሰቡ 478 ሰዎችን ተከታትሏል። በአንድ ዓመት ውስጥ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ካቆሙት ከ100 ሰው 56ቱ፣ ከቀጠሉት ደግሞ 39ኙ አገርሽቶባቸዋል። ይህ ሁለት ነገር ይነግረናል። ማቆም አደጋ አለው፤ ነገር ግን ካቆሙት ውስጥ 44ቱ ደህና ሆነው ዓመቱን ጨርሰዋል። ማቆምም መቀጠልም አያሳፍርም።

ሐዘን፣ ፍቺ፣ ከሥራ መፈናቀል፣ ስደት፣ ፈተና ወይም ወሊድ በቀረበበት ወቅት አትጀምሩ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ ያሰበች እህት ደንግጣ በራሷ አታቁም፤ ሐኪሟ የመድኃኒቱንም የሕመሙንም ጉዳት አመዛዝኖ ይምከራት። ከድባቴው ሌላ ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚፈራረቅበት ሰው (ባይፖላር የሚባለው) ደግሞ ያለ ሐኪም ምንም መቀየር የለበትም።

እንዴት ይወረዳል?

ድሮ የነበረው ምክር በሁለትና በአራት ሳምንት ውስጥ ጨርሱ የሚል ነበር። አሁን ግን ለብዙ ሰው ይህ አጭር መሆኑ ታውቋል። የእንግሊዝ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 አቋሙን አሻሽሎ፣ ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎች በወራት የሚቆጠር ጊዜ ሊያስፈልጋቸው እንደሚችል አስታውቋል።

የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሚሊ ግራሞች ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ይከብዳሉ። ሲታሎፕራምን እንውሰድ። በቀን 20 ሚሊ ግራም የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ ሥራውን ከሚሠራባቸው ቦታዎች 80 በመቶ ያህሉን ይይዝለታል። ወደ 9 ሚሊ ግራም ሲወርድ 70 በመቶ ያህል ይይዛል። ከግማሽ በላይ ቀንሶ የተለወጠው 10 ብቻ ነው። ከ9 ሚሊ ግራም ወደ ዜሮ ቢዘል ግን ቀሪው 70 በአንድ ጊዜ ይወድቃል። በክፍል ውስጥ ባስረዳው ኖሮ፣ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ቁመቱ እየጨመረ የሚሄድ ደረጃ በሰሌዳው ላይ እሥል ነበር። የመጨረሻውን ደረጃ መዝለል ያልቻለ ሰው ደካማ አይደለም፤ ደረጃው ረጅም ነው።

ስለዚህ የሚመከረው እንዲህ ነው፦

1. ቅነሳው ከመጀመሪያው መጠን ሳይሆን አሁን ከሚወሰደው ይሰላል። በሰርትራሊን ምሳሌ ከ100 ወደ 50፣ ከዚያ ወደ 25፣ ከዚያ ወደ 12 ነጥብ 5 ሚሊ ግራም ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው የባለ 50ው ክኒን ሩብ ነው። ግማሽ መቀነስ የከበደው ሰው ሩብ ሩብ እያደረገ ይወርዳል። ይህ ምሳሌ እንጂ ማዘዣ አይደለም።

2. በየደረጃው ከ2 እስከ 4 ሳምንት መቆየት። ሰውነት ሳይረጋጋ ወደ ቀጣዩ አይኬድም።

3. ምልክቱ ከበረታ ወደ ቀድሞው ደረጃ ተመልሶ ማረፍ፣ ከዚያም በትንሽ በትንሹ መቀነስ።

4. አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለል አይመከርም። በሰውነት ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ዝቅ ስለሚል በየሁለት ቀኑ የማቋረጥ ምልክት ይጠራል። ቀስ ብሎ ለሚወጣው ለፍሉኦክሰቲን ብቻ ሐኪሙ ይህን ሊያዝ ይችላል።

5. ክኒን ከመቁረጥ በፊት ፋርማሲስቱን መጠየቅ። ቀስ እያሉ እንዲሟሙ የተሠሩ ክኒኖችና ካፕሱሎች አይፈጩም፣ አይታኘኩም። የሚቆረጠውን በክኒን መቁረጫ መቁረጥ ከቢላ ይሻላል። ለትንንሽ መጠን የሚመቸው ፈሳሽ መድኃኒት በየፋርማሲው ስለማይገኝ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙን አማክሩ።

መድኃኒት ከገበያ መጥፋቱም ለድንገተኛ ማቋረጥ አንዱ ምክንያት ነው። የመጨረሻው ክኒን እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ የሁለት ሳምንት ሲቀር ፈልጉ። ከጠፋ ሐኪሙ ወደ ሌላ ሊቀይረው ይችላል። ለሐጅ፣ ለዑምራ ወይም ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ሰው ለቆይታው የሚበቃውን ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይያዝ፤ የሚሄድበት አገር ስለ መድኃኒት ያለውን ደንብም አስቀድሞ ይጠይቅ። በሰው ቤት የምትሠራ እህት መድኃኒቷ ሲያልቅባት የሚደርስባትን ማዞርና ለቅሶ አሠሪዋ ላይረዳት ይችላል። ከመሄዷ በፊት የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት ጽፋ መያዟ ቢያንስ ክሊኒክ ስትደርስ ይጠቅማታል።

ረመዷንና መድኃኒቱ

አብዛኞቹ እነዚህ መድኃኒቶች በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ስለሆኑ ከጾም ጋር ይስማማሉ። እንቅልፍ የሚያመጣው አሚትሪፕቲሊን ከኢፍጣር በኋላ በማታ፣ ነቃ የሚያደርገው ፍሉኦክሰቲን ደግሞ በሱሑር ሊወሰድ ይችላል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን አማክሮ በኢፍጣርና በሱሑር ሊከፍለው ይችላል። ይህ ለውጥ በሸዕባን ውስጥ ቢጀመር ሰውነት ይለምደዋል።

ረመዷን መድኃኒት ማቆም የሚጀመርበት ወር ግን አይደለም። የእንቅልፍ ሰዓት ይዛባል፣ ምግብና ውሃ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የማቋረጥ ምልክት ሲጨመር ሰው ጾሙንም ተራዊሑንም ያጣል። መቀነሱን የጀመረ ሰው በወሩ ውስጥ ባለበት መጠን ላይ ቢቆይ ይሻላል።

ጾሙ ራሱ የሚጎዳው ሕመምተኛ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ በሰጠው ፈቃድ አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ ማውጣት ይችላል። ይድናል ተብሎ የማይጠበቅ ከሆነ ፊድያ አለ። የእያንዳንዱ ሰው ሁኔታ ስለሚለያይ ሐኪሙን ስለ ጉዳቱ፣ ዓሊሙን ስለ ሑክሙ ጠይቁ።

ሩቅያ፣ ኢማንና ሕክምና

ሩቅያ ሸሪዓዊ መሠረት ያለው ነው፤ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዘዋል። ሁለቱ አይጋጩም። ሩቅያ የሚያደርግልን ሰው «መድኃኒቱን ጣል» ካለን ግን ከማያውቀው ነገር ገብቷል። ድባቴን የኢማን ማነስ ብቻ አድርጎ ማየትም የቀደሙት ሊቃውንት መንገድ አልነበረም። በ934 እ.ኤ.አ. ያረፈው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው ኪታቡ፣ ምክንያቱ የሚታወቅ ሐዘንን ምክንያቱ ካልታወቀና ከሰውነት ከሚመነጭ ሐዘን ለይቶ ለየራሳቸው ሕክምና አስቀምጧል።

ጫት የሚቅሙ ወገኖችም ይህን ይወቁ። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስመታል፣ ከምርቃናው በኋላ ድብርት ይጥላል። የማቋረጥ ምልክት ላይ ሲደረብ የትኛው ከየት እንደመጣ አይለይም። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ አደገኛ ሊሆን ይችላል። የባህል መድኃኒትም ሆነ ጥቁር አዝሙድ በብዛት የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

እናት፣ አባት፣ ባል ወይም ሚስት ከመጀመሪያው ይወቁ። የሚቆጣው፣ የሚያለቅሰው፣ ሌሊት የሚቀመጠው ሰው ለጥቂት ሳምንታት እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ካወቁ አይጣሉትም። «ገና አልጨረስክም ወይ?» ብሎ ማጣደፍና «ያለ እሱማ አትሆንም» ብሎ ማስፈራራት ሁለቱም ይጎዳሉ። በሰዓቱ መተኛት፣ በጠዋት ፀሐይ ላይ በእግር መሄድ፣ ምግብ አለመዝለል፣ ከቀትር በኋላ ቡና መቀነስ፣ ወደ ጀመዓ ሶላት አብሮ መሄድ ይረዳሉ። የምክር ሕክምና የሚገኝበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ከመቀነሱ በፊት ቢጀመር ጥሩ ነው።

ሳይዘገይ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

• ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ ወይም «ባልኖር ይሻላል» የሚል ንግግር
• ሰው የማይሰማውን መስማት፣ የሌለውን ማየት
• ለቀናት እንቅልፍ ሳይኖር ከልክ ያለፈ መነቃቃትና ንግግር
• መንቀጥቀጥና ራስን መሳት
• ከፍተኛ ትኩሳት ከመወራጨትና ከጡንቻ መገታተር ጋር

እንዲህ ያለው ሰው ለብቻው አይተው። በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ እንደ ጅማ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይገኛል። ቤት ውስጥ ያለው መድኃኒት ደግሞ ሌላ ሰው ይያዘው።

ያ ባልደረባዬ ከዒድ በኋላ ከሐኪሙ ጋር እንደገና ጀመረ። ስምንት ወር ፈጀበት፤ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሷል። የመጨረሻውን ሩብ ክኒን ብቻ ለስድስት ሳምንት ወስዷል። በሚቀጥለው ረመዷን ያለ መድኃኒት ጾመ፤ አልሐምዱሊላህ። ሌላ ወንድም ደግሞ ሞክሮ አገረሸበትና መድኃኒቱን ቀጠለ፤ እሱም ጾመ፤ አልሐምዱሊላህ።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ይማርልን። ወላሁ አዕለም።